ከጠፈር የሚመለስ መንኮራኩር ለምን ዱልዱም ሆነ? ሙቀቱስ የሰበቃ ነው?

መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። 11ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ካይኔቲክ ኢነርጂ ስናወራ ከጠፈር የሚመለስ ካፕሱልን በምሳሌነት አነሣሁ። አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ የሚግለው ከአየር ጋር ስለሚፋተግ ከሆነ ሹል ቢያደርጉት ፍትጊያው አይቀንስም? ለምንድን ነው በሰፊው ጎኑ የሚገባው?» አለኝ።

ሰፊው ጎን ፍጥነቱን ቶሎ ስለሚቀንስለት ነው አልኩት። ልጁ ግን አልለቀቀኝም። «ቶሎ ከቀነሰ ያ ሁሉ ኢነርጂ በአጭር ጊዜ ሙቀት ሆነ ማለት ነው። እንግዲያው የባሰ መጋል አለበት» አለ። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሙግቱ የሚናቅ አይደለም። ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ቀጠሮ ይዘናል።

እዚህ ሙያው ያላችሁ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሙቀቱ በእርግጥ የሰበቃ ነው? ዱልዱም ቅርጽስ የሚያድነው በምን መንገድ ነው? ልጆቹ በካልኩሌተር ሊሠሩት የሚችሉት ስሌት ብታገኙልኝ ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል። ስኩዌር ሩትና የአሥር ፓወር ያውቃሉ፤ ካልኩለስ ገና ነው።

ናሙና አቃጣይ፦

መምህርት፣ ያንን ልጅ አደራ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ብዙ መሐንዲሶች የሚያስቡት ልክ እንደ እርሱ ነበር። ፈጣን አውሮፕላንና ጥይት ሹል ነው፤ ስለዚህ ከጠፈር የሚወርደውም ሹል ይሁን ይባል ነበር። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው።)

ሥራዬ የሙቀት መከላከያ ቁሶችን መፈተን ነው። ከቡሽ፣ ከካርቦን ወይም ከመስታወት ጭረትና ከሬዚን (ሙጫ መሰል ፕላስቲክ) የተሠሩ ናሙናዎችን በነበልባል ፊት አስቀምጠን ከጀርባቸው ስንት ዲግሪ እንደደረሰ እንለካለን። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለእኔ የዕለት እንጀራ ነው፤ ትንሽ ብረዝምብዎት ይታገሡኝ።

ከኢነርጂው እንጀምር። በዝቅተኛ ምህዋር ያለ ነገር በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የፍጥነቱን ካሬ ግማሽ ብንወስድ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 30 ሜጋ ጁል ይመጣል። አንድ ኪሎ ውሃ ከ0 ዲግሪ አንሥቶ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ለማድረግ 2.7 ሜጋ ጁል ገደማ ይበቃል። አንድ ኪሎ ብረት አቅልጦ ለማትነን እንኳ ከ8 ሜጋ ጁል ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ካፕሱሉ ኢነርጂውን በሙሉ በራሱ ላይ ቢወስድ ብረት ቢሆንም ተንኖ ያልቃል። ሰዎች ግን በሰላም ይመለሳሉ። ስለዚህ ሙቀቱ በአብዛኛው የሄደው ሌላ ቦታ ነው። ልጆቹን መጀመሪያ ይህንን ይጠይቋቸው፤ ሙቀቱ የት ሄደ?

አየሩ ነው የወሰደው። በደንብ በተሠራ ካፕሱል ወደ ግድግዳው የሚገባው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ሌላው የጋለ አየር ሆኖ ከኋላ ይቀራል።

አሁን ወደ ሰበቃው። እዚያ ከፍታ ላይ ድምፅ በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ካፕሱሉ ከዚያ 25 እጥፍ ይፈጥናል። አየር ከፊቱ የሚመጣውን ነገር «የሚያውቀው» በድምፅ ፍጥነት በሚሄድ የግፊት መልእክት ነው። መልእክቱ ከካፕሱሉ ቀድሞ መድረስ አልቻለም። ስለዚህ አየሩ ዞር የሚልበት ጊዜ የለውም፤ ባለበት ይጨፈለቃል። ከካፕሱሉ ፊት ቀጭን ግንብ ይሠራል፤ ሾክ ዌቭ የምንለው ይህ ነው። በዚያ ግንብ ውስጥ ያለፈ አየር በቅጽበት ይታመቅና ይግላል። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ ሳያስፈልገው የሚነድደው አየር ሲታመቅ ስለሚግል ነው። እዚህም መነሻው እርሱ ነው፤ ልኩ ነው የሚለየው። አፖሎ ከጨረቃ ሲመለስ ከፊቱ ያለው ጋዝ 11,000 ኬልቪን ገደማ ይደርስ ነበር። የፀሐይ ገጽ 5,800 ኬልቪን ነው።

ቁጥሩ ከዚያም በላይ ይሄድ ነበር። ተራውን የጋዝ ቀመር ብቻ ብንከተል ብዙ እጥፍ ይወጣል። ያዳነን ኬሚስትሪ ነው። በመጀመሪያ የኦክስጅን ሞሌኪውሎች ይሰበራሉ። ከዚያ ናይትሮጅን ይሰበራል። ከዚያም አቶሞቹ ኤሌክትሮን ይጥላሉ። ማሰሪያ መስበር ኢነርጂ ይበላል፤ የተበላው ኢነርጂ ደግሞ ቴርሞሜትር ላይ አይታይም። ይህ የተበላ ኢነርጂ ኋላ ሊመለስብን ይችላል፤ እዚያ ላይ የሚጨምርበት ሰው አይጠፋም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ዋናው የሙቀት ምንጭ የአየሩ መታመቅ ነው። ሰበቃ የለም ማለት ግን አይደለም። ከቆዳው ጋር ተጣብቆ የሚፈስ ስስ የአየር ንጣፍ አለ፤ ሙቀት ወደ ግድግዳው የሚያልፈው በእርሱ በኩል ነው። ሰበቃም የሚሠራው እዚያው ነው።

የተማሪዎ ጥያቄ የሚፈታውም እዚሁ ላይ ነው። በአሜሪካው ኤምስ የምርምር ማዕከል የነበሩት ጁሊያን አለንና አልፍሬድ ኤገርስ የኢነርጂውን ድርሻ አሰሉት። ውጤቱ እጅግ ቀላል ነው። ለመንኮራኩሩ የሚደርሰው የሙቀት ድርሻ የሚወሰነው ሰበቃ ከጠቅላላው የአየር መከላከል ውስጥ ስንት እጅ ነው በሚለው ነው። የሰበቃው መጠን ብቻውን አይወስንም፤ የሚወስነው ድርሻው ነው። ሹል ስናደርገው ጠቅላላው መከላከል ይወድቃል፤ የቀረችው መከላከል ግን በብዛት ሰበቃ ናት። እርሷ ደግሞ ሙቀቷን ለቆዳው ትሰጣለች። ከዚያም በላይ ሹሉ ፍጥነቱን ሳይቀንስ አየሩ ወፍራም ወደሆነበት ይወርዳል። ዱልዱም ስናደርገው መከላከሉ የሚበዛው በግፊት ነው። የግፊት መከላከል ሾክ ዌቩን ያጠነክራል፣ ከግድግዳውም ያርቀዋል። ሙቀቱ የሚፈጠረው እዚያ አየሩ ውስጥ ነው፤ አየሩ ደግሞ ዞሮ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ልጁ «ቶሎ ከቀነሰ የባሰ መጋል አለበት» ያለው እውነት ነው። የሚግለው ግን አየሩ ነው።

የአለንና የኤገርስ ሥራ በመጀመሪያ ሚስጥር ነበር፤ የሚሳይል ጉዳይ ስለሆነ። በግልጽ የታተመው በ1958 ነው። ከሜርኩሪ (ሰው ከጫነው የመጀመሪያው የአሜሪካ ካፕሱል) እስከ ዛሬዎቹ ካፕሱሎች ድረስ ያ ዱልዱም ፊት የመጣው ከዚያ ነው።

ስሌቱን ማታ እጽፍልዎታለሁ፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ልመርምራቸው።

ልጅ ኮድ፦

ጋሼ ናሙና አቃጣይ፣ እያነበብኩ ሳለ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሲነሣ በሮኬት ፍጥነቱን አገኘ። ሲመለስስ በሮኬት ፍሬን ይዞ ቀስ ብሎ ቢወርድ ይህ ሁሉ ጣጣ አይቀርም? የመጀመሪያ ደረጃ ሮኬቶች እኮ ሞተራቸውን አስነሥተው ቁመው ሲያርፉ አይተናል።

ናሙና አቃጣይ፦

ልጅ ኮድ፣ ሒሳቡን እንሥራው። ጥሩ የኬሚካል ሞተር ጋዙን በሰከንድ 3.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይተፋል። 7.8ን ለ3.4 አካፍል፤ 2.3 ይመጣል። ኢ (2.718 ገደማ የሆነው ቋሚ ቁጥር) ወደ 2.3 ፓወር 10 ገደማ ነው፤ በሮኬት ቀመር ነዳጅ የሞላው ክብደት ከባዶው ይህን ያህል እጥፍ ነው። ይህ ማለት ለእያንዳንዱ ቶን ካፕሱል 9 ቶን ነዳጅ ምህዋር ላይ ይዘህ መውጣት አለብህ። ያንን 9 ቶን ለማውጣት ደግሞ ከመሬት የሚነሣው ሮኬት በዚያው ልክ ይገዝፋል። ለሙቀት መከላከያ ግን ከካፕሱሉ ክብደት ትንሽ ድርሻ ይበቃል። አየሩ በነፃ ፍሬን ይይዝልሃል።

አየህ፣ ከምህዋር ለመውጣት የሚያስፈልገው በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ መቀነስ ብቻ ነው። ቀሪውን ሁሉ አየሩ ይሠራዋል። ቁመው የሚያርፉት የመጀመሪያ ደረጃ ሮኬቶች ደግሞ ምህዋር አልደረሱም። ፍጥነታቸው ከምህዋር ፍጥነት በብዙ ያንሳል፤ ኢነርጂ በካሬ ስለሚሄድ ልዩነቱ ከምታስበው በላይ ነው።

መምህርት፣ አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ። ሰተንና ግሬቭስ የሚባሉ ሰዎች በ1971 ያወጡት ቀመር ለክፍልዎ ልክ ነው። በአፍንጫው መሐል ነጥብ ላይ የሚገባውን ሙቀት ይሰጣል፦

ኪው = 1.74 × 10⁻⁴ × √(የአየር እፍጋት ÷ የአፍንጫ ሬዲየስ) × ፍጥነት³

እፍጋቱ በኪሎ ግራም በኪዩቢክ ሜትር፣ ሬዲየሱ በሜትር፣ ፍጥነቱ በሜትር በሰከንድ ይግባ። መልሱ በዋት በካሬ ሜትር ይወጣል።

70 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እንሁን። እፍጋቱ 8.3 × 10⁻⁵ ነው። ፍጥነቱ 7,500፣ ሬዲየሱ 1 ሜትር ይሁን። ስኩዌር ሩቱ 0.0091 ይሆናል። የፍጥነቱ ኪዩብ 4.22 × 10¹¹ ነው። ሁሉንም ሲያባዙት 670,000 ዋት በካሬ ሜትር ገደማ ያገኛሉ። ፀሐይ ከከባቢ አየር በላይ በካሬ ሜትር 1,361 ዋት ታወርዳለች። ስለዚህ 490 ፀሐይ በአንድ ላይ ማለት ነው። ያውም አየሩ መሬት ላይ ካለው ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ የሳሳበት ቦታ ላይ።

ቆዳው ስንት ዲግሪ ይደርሳል? ሙቀቱን ተቀብሎ መልሶ በጨረር የሚተፋ ግድግዳ ነው እንበል። የገባውን በወጣው ያመጣጥኑት፦ ኪው = 0.85 × 5.67 × 10⁻⁸ × ቲ⁴። 0.85 የግድግዳው ጨረር የመትፋት ችሎታ፣ 5.67 × 10⁻⁸ የጨረር ቋሚ ቁጥር፣ ቲ የግድግዳው ሙቀት በኬልቪን ነው። ሁለት ጊዜ ስኩዌር ሩት ቢመቱ 1,930 ኬልቪን ገደማ ይመጣል። በሴልሺየስ 1,650 አካባቢ መሆኑ ነው። የስፔስ ሹትል አፍንጫ የተሠራበት በካርቦን ጭረት የተጠናከረ ካርቦን እንዲችል የታሰበው ሙቀት ይኸው ነው። በአንድ መስመር ቀመር እዚህ መድረስ መቻላችን ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

አሁን አፍንጫውን ይሳሉት። ሬዲየሱን ከ1 ሜትር ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ያውርዱት። ሬዲየሱ መቶ ጊዜ አነሰ፤ ሙቀቱ አሥር ጊዜ በዛ። 6.7 ሚሊዮን ዋት በካሬ ሜትር። የግድግዳው ሙቀት 3,430 ኬልቪን ይሆናል፤ ከ3,100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ። በተሰበሩ የኦክስጅን አቶሞች መሐል ይህን ችሎ ቅርጹን የሚጠብቅ ቁስ የለንም። ልጁ ይህንን ቁጥር ራሱ በእጁ ይሥራው። ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሴራሚክ፦

በስሌቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሙያዬ የሴራሚክ ሽፋን ነው።

ናሙና አቃጣይ የተሰበሩት ሞሌኪውሎች ኢነርጂ «ኋላ ሊመለስብን ይችላል» ብሎ ነበር። የሚመለሰው ግድግዳው ላይ ነው። የኦክስጅን አቶሞች ቆዳው ላይ አርፈው መልሰው ከተጋቡ ያ የተበላ ኢነርጂ እዚያው ሙቀት ይሆናል። የሚጋቡት ግን ገጹ ካገዛቸው ነው። ብረታ ብረት በደንብ ያግዛል። መስታወት ብዙም አያግዝም። የሹትል ጡቦች ከላይ ጥቁር የመስታወት ሽፋን የነበራቸው በዚህም ምክንያት ነው። ጥቁረቱ ጨረር እንዲተፋ፣ መስታወትነቱ አቶም እንዳያጋባ።

ኮሎምቢያ በተባለችው ሹትል የመጀመሪያ በረራዎች ላይ ይህንን በተግባር አዩት። የተወሰኑ ጡቦችን አቶም በሚያጋባ ቀለም ቀቧቸው። ያው አየር፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ቦታ። የተቀቡት ጡቦች ከጎረቤቶቻቸው ይበልጥ ጋሉ። እኔ ይህን ሙያ የወደድኩት ስለዚህ ሙከራ ያነበብኩ ጊዜ ነው።

የሰተንና ግሬቭስ ቀመር አቶሞቹ ሁሉ ይጋባሉ ብሎ ነው የሚያሰላው። ስለዚህ መምህርት፣ ቁጥሩ ወደ ላይ ያደላ መሆኑን ለልጆቹ ይንገሯቸው። ለንድፍ ሥራ ይህ ጥሩ ነው።

ስለ ጡቦቹ ሌላም ነገር፦ ከመቶ 90 እጃቸው ባዶ ነው። የሲሊካ ጭረት ብቻ ናቸው፤ በጣት ተጫን ቢባል ይጎደጉዳሉ። የሙቀት ችሎታቸው ድንቅ ነው፣ ምት ግን አይችሉም። የክንፉ የፊት ጠርዝ ካርቦንም እንዲሁ ምት አይወድም። ጥር ወር 2003 ላይ ኮሎምቢያ በተነሣች በ82ኛው ሰከንድ ከውጭው የነዳጅ ታንክ የተገነጠለ ፎም የግራ ክንፏን የፊት ጠርዝ በሳ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለስ የጋለው ጋዝ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ ክንፉን ከውስጥ አቀለጠው። ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። እኔ ይህን ሳስታውስ የሙቀት ስሌት ትክክል መሆኑ ብቻ በቂ እንዳልሆነ ይሰማኛል።

መምህርት፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። «የሚግለው ግን አየሩ ነው» የሚለውን ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛ፣ ካፕሱሎቹ ላይ ያለው መከላከያ «እየነደደ ያልቃል» ይባላል። እውነት ይነድዳል? ነዶ የሚያልቅ ነገር እንዴት ይከላከላል? ሁለተኛ፣ ይህ ቀመር ከጨረቃ ለሚመለስም ይሠራል?

ልጅ ኮድ፦

እኔም ልጨምርበት፦ ለምንድን ነው በጣም ዝቅ ባለ አንግል ገብቶ ቀስ እያለ የማይቀዘቅዘው? ሙቀቱ በረዥም ጊዜ ቢከፋፈል አይሻልም?

ናሙና አቃጣይ፦

ከልጅ ኮድ ልጀምር፤ መልሱ ለመምህርት ጥያቄም መንገድ ይጠርጋል።

ሁለት የተለያዩ መጠኖች አሉ። አንዱ በሰከንድ ስንት ሙቀት ይገባል የሚለው ነው፤ ቁሱን የሚያስመርጥህ እርሱ ነው። ሌላው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በድምሩ ስንት ገባ የሚለው ነው፤ ውፍረቱን የሚያስመርጥህ ደግሞ እርሱ ነው። ተወርውሮ በቀጥታ የሚገባ ካፕሱል የመጀመሪያው ይበዛበታል፣ ሁለተኛው ያንስለታል። ከዚያም ሰውን ያደቅቃል። የሩሲያው ካፕሱል ሶዩዝ በተለመደው መንገድ ሲወርድ ተሳፋሪዎቹ ክብደታቸው አራት እጥፍ ገደማ ይሆንባቸዋል። በሚያዝያ 2008 አንዱ ሶዩዝ መስመሩን ስቶ በቀጥታ ሲወርድ ከስምንት እጥፍ በላይ ሆነ። አንተ እንዳልከው በዝግታ ከገባ ደግሞ በሰከንድ የሚገባው ይቀንሳል፤ ግን ረዥም ጊዜ ይጋገራል፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ የመዝለቂያ ጊዜ ያገኛል። ሹትል ይህንን መንገድ የመረጠችው ክንፍና መልሶ የሚያገለግል ቆዳ ስለነበራት ነው። አንግሉ በጣም ዝቅ ካለ ጭራሽ ፍጥነቱ በበቂ ሳይቀንስ መልሶ ወደ ጠፈር ይወጣል። አፖሎ የሚገባው ከአድማስ 6.5 ዲግሪ ገደማ አዘንብሎ ነበር፤ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚፈቀድለት ስሕተት በጣም ትንሽ ነበር።

አሁን መንደዱ። መምህርት፣ ከእኔ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ልንገርዎት። ከቡሽና ከፊኖሊክ ሬዚን የተሠራ፣ ከመዳፍ የሚያንስ ድቡልቡል ናሙና አለ። በጋዝ ነበልባል ፊት እናቆመዋለን። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ገጹ ይጠቁራል፣ ትንሽ ያብጣል። ከዚያ ጭስ ይጀምራል። ጭሱ ወደ ነበልባሉ ፊት ለፊት ይተፋል፤ የነበልባሉ ጫፍ ከገጹ ትንሽ ራቅ ሲል በዓይን ይታያል። ሥራው ያ ነው። ሬዚኑ ሲበሰብስ፣ ማለትም በሙቀት ብቻ ሲፈርስ፣ ጋዝ ይሆናል። መፍረሱ ራሱ ሙቀት ይጠጣል። ጋዙ በተሠራው ከሰል ቀዳዳዎች ውስጥ ሲወጣ ከሰሉን ያቀዘቅዛል። ከወጣም በኋላ የሚመጣውን የጋለ አየር ከግድግዳው ይገፋል። ከላይ የቀረው ከሰል ደግሞ ግሎ ሙቀቱን በጨረር ይተፋል። እሳት ነዶ ማለቅ የምንለው የመጨረሻዋ ክፍል ብቻ ናት፤ ከሰሉ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ።

ነበልባሉን ካጠፋን በኋላ ናሙናውን በመጋዝ ለሁለት እንከፍለዋለን። ከላይ ጥቁር ከሰል አለ፤ በጥፍር ቢነኩት ይረግፋል። ከሥሩ ጠባብ ቡናማ መስመር ትታያለች፤ ሬዚኑ መፍረስ ጀምሮ ሳይጨርስ የቆመባት ቦታ። ከእርሷ በታች ቡሹ እንደ ተፈጠረ ነው። ቀለሙ እንኳ አልተቀየረም። ከላይ ከሺህ ዲግሪ በላይ፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወረድ ሲሉ እጅ የሚያስቀምጡበት። ስንት ጊዜ አይቼው አሁንም ደስ ይለኛል።

አዲስ ሰዎችን የሚያስገርማቸው የጀርባው ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ነው። ነበልባሉ እያለ ብዙም አይነቃነቅም። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ መውጣት ይጀምራል። የላይኛው ሙቀት ገና መንገድ ላይ ነው፤ እየተራመደ ይደርሳል። ፓራሹት ከተከፈተ በኋላ የሶዩዝ የሙቀት መከላከያ ተላቆ ይወድቃል። ዋናው ምክንያት ከሥሩ ያሉት የማረፊያ ሮኬቶች እንዲገለጡ ነው፤ ግን ያ መንገድ ላይ ያለ ሙቀትም አብሮ ይወድቃል።

እንግዲህ ጋዙ መውጫ ያስፈልገዋል። ይህንን በግልጽ ያሳየን የናሳ ካፕሱል ኦራይን ነው። ታኅሣሥ 11 ቀን 2022 በአርቴሚስ 1 ጉዞ ከጨረቃ ሲመለስ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ። አንድ ጊዜ ጠልቆ፣ ተመልሶ ከፍ ብሎ፣ እንደገና ጠለቀ። ሰው አልነበረበትም። ሲወጣ አቭኮት የሚባለው መከላከያ ከመቶ በሚበልጡ ቦታዎች ላይ ከሰሉን በቁራጭ ጥሎ ተገኘ። በቀስታ መሳሳት ሲገባው በቁራጭ ወደቀ። ናሳ ምክንያቱን ያስታወቀው ታኅሣሥ 2024 ላይ ነው። በሁለቱ ጥልቀቶች መሐል ሙቀቱ ረገብ አለ። ከላይ ጋዝ የሚያሳልፍ ከሰል መፈጠሩ ዘገየ። ከውስጥ ግን ቀድሞ የገባው ሙቀት ሬዚኑን ማፍረሱን ቀጠለ። ጋዙ ታፈነ፣ ግፊቱ በዛ፣ ቁሱ ተሰነጠቀ። መሬት ላይ የተደረጉት ፈተናዎች ሙቀታቸው ከዚህ የበረታ ስለነበር ከሰሉ ቶሎ እየተሠራ ጋዙን ያስወጣው ነበር። ስለዚህ ችግሩ አልታየም። ሙቀቱ ማነሱ ነው የጎዳው። ልጅ ኮድ፣ «በረዥም ጊዜ ቢከፋፈል አይሻልም?» ላልከው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ካቢኑ ውስጥ ግን ሙቀቱ የክፍል ሙቀት ያህል ነበር፤ ሰው ቢኖርበት አይጎዳም ነበር ብለዋል።

የመጨረሻው ጥያቄ፤ ቀመሩ ከጨረቃ ለሚመለስ ይሠራል ወይ። በግማሽ። ቀመሩ የሚቆጥረው ከጋዙ በንክኪ የሚመጣውን ሙቀት ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ግን የታመቀው ጋዝ ራሱ ማብራት ይጀምራል። ከሩቅ በጨረር ያሞቃል። ይህ ጨረር ከፍጥነት ጋር የሚያድገው ከኪዩብ እጅግ በላይ ነው። ደግሞ ተቃራኒ ጠባይ አለው፦ አፍንጫው በሰፋ ቁጥር የሚያበራው ጋዝ ይወፍራል፣ ጨረሩም ይበዛል። ስለዚህ ዱልዱምነት ሁልጊዜ በበዛ ቁጥር አይሻልም። ከአንድ ፍጥነት በላይ የአለንና የኤገርስ ምክር ወሰን አለው። ተማሪዎ እስከዚህ ከተከተለዎት ይህን ይንገሩት፤ ሙግቱ በከፊል ሊመለስ ነው።

በጥር 2006 የስታርደስት ካፕሱል የኮሜት ብናኝ ይዞ በሰከንድ 12.9 ኪሎ ሜትር ገባ። መከላከያው ፒካ ይባላል፤ በፊኖሊክ የተነከረ የካርቦን ጭረት ነው፣ ከውሃ የሚቀል። ከሁሉ የከበደው ግን የጋሊሊዮ መፈተሻ ነው። ታኅሣሥ 7 ቀን 1995 ጁፒተር ውስጥ በሰከንድ 47.4 ኪሎ ሜትር ገባ። በየኪሎው ከ1,100 ሜጋ ጁል በላይ ነው፤ ያስሉት። ከ339 ኪሎው ውስጥ 152 ኪሎው የፊት መከላከያ ነበር። ከዚያ 80 ኪሎ ያህሉ ጠፋ። መከላከያው ውስጥ የተቀበሩ መለኪያዎች ነበሩ፤ መፈተሻው ከተረፈ በኋላ ቁጥሮቹን ላከ። መሐሉ ከተገመተው ያነሰ ተበልቷል፣ ጠርዙ ከተገመተው የበለጠ። ጠርዙ ላይ የቀረው ውፍረት ያሳስባል። እነዚያን ቁጥሮች ባለሙያዎች እስካሁን በአዳዲስ ስሌቶች ይፈትኗቸዋል።

ስለዚህ መምህርት፣ ለክፍሉ ቀመሩን ከ7.5 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ሳያስበልጡ ይስጧቸው። ሦስት ሬዲየስ ይበቃል፦ 1 ሳንቲ ሜትር፣ 10 ሳንቲ ሜትር፣ 1 ሜትር። ከፍታውን 70 ላይ ይያዙት። የግድግዳውን ሙቀት ራሳቸው ያውጡ፣ ከዚያ የብረትን የመቅለጫ ሙቀት ከጎኑ ይጻፉ፤ 1,538 ዲግሪ ነው። አራተኛ ጥያቄ ከፈለጉ ፍጥነቱን 11,000 አድርጋችሁ ሙቀቱ ስንት እጥፍ ሆነ ይበሏቸው፤ ከ3 ትንሽ በላይ ይመጣል። ጨረሩ ያልተቆጠረ መሆኑን ግን ከመልሱ ጎን እንዲጽፉ ያድርጉ።